የእትዬ ጥሩወርቅ ሚጥሚጣ ሕመም

ጥር 2፣ ጠ. 1 ሰዓት

ዛሬም ቅጠል ረግፏል። አንዱ ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ስነካው ወደቀ። ባልነካው ይሻል ነበር።

ደብተሬ፣ ጉዳዩን ታውቂዋለሽ። ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩወርቅ (ከእንግዲህ እ.ጥ. ነው የምላት፤ ሙሉ ስሟን ስጽፍ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል) ለልጇ ሰርግ ዕቃ ልትገዛ ድሬዳዋ ወርዳለች። ለከተራ ትመለሳለች። የሰርጉ ጥሬ ሥጋ የሚበላው በራሷ ሚጥሚጣ ነው፤ ለዘመድ ሁሉ ተነግሯል። ስትሄድ ሚጥሚጣው የተተከለባቸውን ጣሳዎች ለእኔ አስረከበች። በፊት ያስረከበችኝ ዶሮ ነበር። ስለ ዶሮው አልጽፍም።

ሚጥሚጣው ደህና ከጠበቀኝ፣ አሁን ሰው ወጥቶሃል እልሃለሁ ብላለች። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሰው ሊወጣኝ ነው። ቀላል ነገር አይደለም።

ጥር 3፣ ከሰ.

ምርመራ አንድ፦ ረሃብ። ቢጫውን ቅጠል በወረቀት ጠቅልዬ ጊደር መጋላ ገበያ ሄድኩ። ቅመም ሻጯ አገላብጣ አይታ፣ ምግብ አጥሮት ነው አለች። የፍየል በጠጥ ይዤ ተመለስኩ።

በውሃ በኩልማ አላጠፋሁም። ቧንቧው ከደረቀ ቆይቷል፤ ለእነሱ ጠዋት ጠዋት በሲኒ ነው የምሰጠው። የሚፈስም የለም። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ ፀሐይ የሚያገኘው የጎረቤታችን የሐጂ ዑመር አጥር ብቻ ነው፤ ጣሳዎቹ እሱ ላይ ተደርድረዋል። ሐጂ አጥሩን ኖራ ቀብተው ሳይውል ሳያድር ጭቃ ውሃ ወረደበት። አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን አፈርኩና የጣሳዎቹን ቀዳዳ በሙሉ በሲሚንቶ ደፈንኩት። ጨዋ ጎረቤት እንዲህ ነው።

ጥር 5

በጠጡ አልሠራም። ብሶባቸዋል።

ምርመራ ሁለት፦ ተባይ። አመድ ነፋሁባቸው። ተባይ አልተገኘም። እኔ ግን እስካሁን እያሳለኝ ነው።

ጥር 6፣ ጠ.

ምርመራ ሦስት። ለመጻፍም ያሳፍራል። የሰው ዓይን።

ሐጂ በወጡ በገቡ ቁጥር ጣሳዎቹ ፊት ይቆማሉ። ያያሉ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ማሻአላህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ ያሉ ደግ ሽማግሌ! ሳስበው ራሴን ጠላሁት። ቢሆንም እከታተላቸዋለሁ።

ጥር 6፣ ቀትር

ከመስኮት ሥር ነኝ። ቅድም ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩ። ረግረግ ሆኗል! ሽታው የበሰበሰ ጎመን። በአንድ ሲኒ ውሃ?

ሐጂ ወጡ። ለዙህር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ነው። ሳፋ ከሥር አድርገው ይታጠባሉ፤ ጠብታ አያመልጥም። ጨረሱ። ሳፋውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ቢስሚላህ አሉና ለእያንዳንዱ ጣሳ ሳያዳሉ አካፈሉ።

ይኼ በቀን አምስት ጊዜ ነው ማለት ነው። ወጣሁ።

ጥር 6፣ ማታ

ምን እንዳሉኝ ልጻፍ፦ «ልጄ፣ እህትህ አምናህ ሄደች። አንተ በሲኒ ስታጠጣ አይቼ አዘንኩ። ልናገርህ ደግሞ አፈርኩ። ውሃው በከንቱ ከሚፈስ ነፍስ ላለው ይሁን ብዬ ነው።»

እኔም ስለ ሲሚንቶው ነገርኳቸው። ወደ ነጩ አጥር አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ ሳቁ። ደረጃው ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ። ኖራ መች ጠፋ ብለው ምስማርና ድንጋይ አመጡ። ሲሚንቶውን አብረን በሳን። ጥቁር ውሃ በኖራው ላይ ወረደ፤ ቆመን አየነው።

ምርመራ አራት፣ የመጨረሻው፦ እኔ እሳቸውን አከበርኩ፣ እሳቸው እኔን። መካከል ላይ ሚጥሚጣው ሰጠመ።

ጥር 9

ብዙዎቹ ራቁታቸውን ቆመዋል። አንዱ አናቱ ላይ አረንጓዴ ነገር አውጥቷል። ሐጂን ጠርቼ አሳየኋቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ፤ እኔም ተመስገን አልኩ። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አፈሩ እስኪደርቅ ጠብታ አይነካውም። ነገ ውሃ ካገኘ አለቀለት።

ጥር 10፣ ከሰ.

ከተራ። እ.ጥ. ትመጣለች። ሐጂ ጥፋቱ የእኔ ነው ልበላት፣ እኔን አትቆጣም አሉ። አይሆንም፣ የእኔ ነው አልኩ። የለም የእኔ አሉ። በር ላይ እርስዎ ይቅደሙ፣ አንተ ቅደም እንደሚባባሉ ሰዎች ቆመናል።

መጣች። ዕቃዋን እንኳን አላወረደችም። ጣሳዎቹን አየች። ቀላች። ቁጣ ስጠብቅ፣ እኔን ወንድሜ፣ ውሃ ጠምቷቸው ነው እኮ ብላ ሙሉውን ጀሪካን አነሳች።

ሐጂ ያዩኛል። እኔም አያቸዋለሁ። ሁለታችንም በአክብሮት ዝም ብለናል። ጀሪካኑ እየተዘነበለ ነው።

አይሆንም! ደብተሬ፣ ወሰንኩ። ሰው ባይወጣኝም ይቅር። አሁን ተነስቼ ጀሪካኑን ከእጇ ልነጥቅ ነ—