ልጅሽን አከሳኋት

ቡሬ፣ መስከረም ፪ ቀን ፳፻ ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ካርቱም

የመድኃኔዓለም ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሻይ ስትቀጂ መዋልሽን ሳስብ ሆዴ ይባባል። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። በቆሎው ደርሷል፤ ላሟም ወልዳለች።

አሁን ወደ ልጅሽ ልግባ። ሰኔ ላይ ውዳሴን ስትልኪልኝ፣ ውፍረቷ ካልቀነሰ ገና በልጅነቷ ስኳር ይይዛታል ብሎ ሐኪሙ እንዳስፈራራሽ፣ አደራሽን ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ከመኪና ወርዳ ቤት እስክንደርስ እያለከለከች፣ እየተቀመጠች ነው የመጣችው። አገሩ ግን በደስታ አበደልሽ። ምን የመሰለች ልጅ፣ እናቷ አልፎላታል እያለ ያላጎረሳት የለም። ጎረቤታችን ወይኒቱማ ቅቤ ያልነካው ጉርሻ ለእንግዳ ነውር ነው ባይ ናት። ተይ ብላት ቆንቋና እባላለሁ፤ ታማ ነው ብል ደግሞ በልጅ ላይ ማሟረት ይሆንብኛል።

ይባስ ብሎ ያምሮት፣ የጤና ኬላችን ሠራተኛ፣ በእናቶች ስብሰባ ፊት አቆመቻት። በዚያች የከሳ ልጅ ክንድ በሚለኩባት ጥብጣብ ልትለካት ብትል አልደርስ አላት። ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው ብላ አስጨበጨበችልኝ። ሞዴል ቤተሰብ ሆንኩልሽ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስብሰባው ሲበተን ለብቻዋ ወስጄ እውነቱን ነገርኳት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ "እትዬ፣ እኛ የሠለጠንነው ለከሳ ልጅ ብቻ ነው" አለችኝ። ከዚያ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ይቺን ልጅ የሚወድ አያጉርሳት እያለች ቤት ለቤት ዞረችልኝ። እኔም የላክሽውን ብስኩት ሁሉ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ውዳሴ አኮረፈችኝ፤ አክስቴ ክፉ ናት ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው፤ ሣጥኑን ግን አልከፈትኩም። ኋላ ከሰፈሩ ሴት ልጆች ጋር ምንጭ መውረድ ለመደች። ገመድ ዝላዩ፣ ጭቃው፣ ሩጫው አልበቃ አላት። ስትመጣ የናቀችውን ጎመንና ድንች አሁን ራሷ ጨምሪልኝ ትላለች።

ወይኒቱ የሰው ልጅ ተቀብላ አከሳቻት እያለች ታማኛለች። ትማኝ፤ እንዲህ ደስ ያለኝ ሐሜት በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

ትናንት ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ፣ ያቺ በየደረሰችበት ትቀመጥ የነበረች ልጅሽ አደይ አበባዋን ይዛ ዳገቱን ቀድማቸው ወጣች። ላይ ሆና ኑ እንጂ ትላቸዋለች። የላክሽላት ቀሚስ ሰፍቷት በመቀነት ነው ያሰርኩላት። ደጅ ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው፣ አይክፋሽ።

ከጭፈራው ስትመለስ እግሯን እያጠብኩላት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ካርቱም ሄጄ እንደገና ብወፍር እማዬ እንደገና ወደ አንቺ ትልከኛለች ወይ አለችኝ። መልሱን ለእናትሽ ተይው አልኳት። ስለዚህ እንዳልሽኝ ወደ ካርቱም ከሚሄድ ነጋዴ ጋር አልልካትም፤ ራስሽ መጥተሽ መልሺላት። አልጋሽ ተነጥፏል፤ ሻይ የሚጠጣ ሰውም ቡሬ ሞልቷል።

እመቤቴ መንገድሽን ታቅናልሽ፣ እጅሽን ትባርክልሽ።

ታላቅ እህትሽ፣
ክፉዋ አክስት