ሸንኮራው ከኮት ኪስ

ኅዳር 3፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ልብስ እያጠብኩ ሕይወት መጣች። ተከራያችን፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ተንኮል ቃላት ነው አለችኝ። ለዚህም ዲግሪ ይሰጣል! ሸዋጅ ሰው ምን ምን ይባላል ትለኛለች። ደረደርኩላት፤ መሰሪ፣ ሸረኛ፣ ብልጥ፣ አራዳ፣ ጮሌ። ብልጥ ከመብለጥ መጥቷል፣ አራዳም ከአዲስ አበባው ሰፈር አለች። ጮሌ ግን ለፈረስም ይባላል፣ ለፈጣኑ። ሳሙናው እጄ ላይ ቀረ።
ፈረስ ስትል ታደሰ ትዝ አለኝ። ባሌ። ኧረ እሱስ እዚሁ አለ፣ የድሮውን ማለቴ ነው።

ኅዳር 4፣ ጠዋት
የድሮው ታደሰ ባለጋሪ ነበር፣ ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው። እኔ 10ኛ ክፍል። ከት/ቤት ወደ መናኸሪያ ያደርሰኛል፤ አቋራጩን ትቶ በሐይቁ በኩል። አንዱ ዋርካ ስር ስንደርስ ፈረሱ ቀጥ! ደክሞት ነው፣ ትንሽ ይረፍ ይለኛል። ዓመት ሙሉ እዚያችው ዋርካ ስር ደከመው! ከተጋባን በኋላ ነው ምስጢሩን ያወጣው፤ ለካ እዚያ ቦታ ሁልጊዜ ሸንኮራ ያጎርሰው ነበር።
ይሄን ምን እንበለው ብዬ ሕይወትን ጠየቅኳት። ተንኮል እንዳልለው ክፋት የለበትም። ብልጠትም እንዳልለው፣ እኔም እኮ መንገዱ እንዲረዝም እፈልግ ነበር።
"ታዲያ እትዬ፣ ማን ማንን ሸወደ?" አለችኝ፣ ይቺ ነገረኛ።

ኅዳር 6
ዛሬ ከፋኝ። ባለፈው ወር ዳማን አሸጥኩት። የያኔው ፈረስ ልጅ፣ የመጨረሻችን። ታደሰ ከጋሪ ወድቆ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ሐኪሙ መንዳት ይብቃህ አለው። እኔም ወይ እኔ ወይ ፈረሱ አልኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ቱላ ገበያ ወስዶ ሸጥኩት ብሎ መጣ። አላጉረመረመም። ፈረሱን ሳሸጠው ሰውዬውንም አብሬ የሸጥኩት መሰለኝ። አሁን የእድር ሥራ እያለ ቱላ ይመላለሳል። የሚገርመኝ፣ ሲመለስ ያንጎራጉራል።

ኅዳር 8፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ማስታወሻዬ! ኮቱን ላጥብ ኪሱን ብፈትሽ ሸንኮራ! ተልጦ፣ በጣት ልክ ተቆራርጦ። ታደሰ የፊት ጥርስ የለው፣ ሸንኮራ ለማን? አልሸጠውም! ቱላ ያለችው አክስቱ ጓሮ ደብቆታል! ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ትንሽም አለቀስኩ። ጋሪው እንደሆነ ጎማው ወልቆ ግቢያችን ቆሟል፣ ስለዚህ አይነዳም። ሄዶ ያጎርሰዋል፣ ያሻሸዋል፣ ይመጣል። በቃ።
ሕይወት ለጋሼ ይነግሯቸዋል ወይ ብላ ጓጓች። እኔማ አልነግረውም!

ኅዳር 9
ከገበያ ሸንኮራ ገዛሁ፣ ወፍራሙን። ላጥኩት። ቆራረጥኩት። ኮቱ ታጥቦ ተተኩሷል፤ ሁለቱንም ኪስ ሞላሁት። ትንፍሽ አልልም። ቢጠይቀኝ እኔ ምን አውቃለሁ! ሕይወት ለእኔም ቃል ትፈልግልኝ።
መጣ። ቱላ ሊሄድ ነው፣ እድር። ኮቱን ለበሰ። እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፤ ዞር ብሎ አየኝና እያንጎራጎረ ወጣ።