ለኮሪያዎቹ ያስመጣሁት አሣ

ሎጊያ፣ ሐሙስ፣ ግንቦት 14

አሣ እኮ አይታረድም፣ ማንን ከማን ያጣላል? የልጄ ልጅ ሰዓዳ ከኮሪያዎች ጋር ነው የምትሠራው። ለሁላችን የራት ቦታ ምረጪ አሏት። እኔ ምግብ ቤት አምጫቸው አልኳት። «ክርስቲያኖችም አሉ እማዬ፣ ያንቺን ሥጋ አይበሉም» አለችኝ። በይ አሣ እጠብሳለሁ አልኳት። «ኤሲ የለሽማ!» ኤሲ ይበላል እንዴ? ይሄው ምግብ ቤት ነው እሷን ያሳደጋት፣ ያኔም ኤሲ አልነበረውም። አፍራብኝ ነው፣ ሌላ ምን አለው። ሰመራ ሆቴል ልትወስዳቸው ነው። እኔ ሞኟ ግን ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብዬ አሣውን አስመጣሁ። ጠረጴዛ ገጣጥሜ ደንበኛ ስመልስ ዋልኩ። ይኸው መሸ። በር ላይ ሰው ይጣራል።

«እማማ፣ ዛሬ ምግብ የለም እንዴ?»

የአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ድምፅ ነው። «መጣሁ፣ አሣ አለ!»