እናትሽ የምታዋራው ሰው

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ካባራ በሦስተኛው ቀን

ለልጄ፣ ባሕር ማዶ ላለሽው ፋርማሲስት፤

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤታችን መምህርቷ ናት። ጡረታ ወጥታ ሥራ ስለፈታች ነው እንጂ ለምኛት አይደለም። ቃሉ የእኔ ነው። ትንሽ ላሳምረው ስትል፣ የሠራሁትን ጠረጴዛ ሌላ አናጢ መጥቶ ቢሞርደው ደስ ይለኛል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ እንዳልኩት እየጻፈች ነው።

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ላይ ይከራከረኛል። እናትሽም አለች። ስለ እሷ ከማውራቴ በፊት ግን ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ላውጣ። በስልክ «ሐሺሽ ልከሽ እናትሽን አሳበድሻት» ብዬ የሰደብኩሽ ጊዜ ተሳስቼ ነበር። ይኸው ተናገርኩት። መምህርቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጻፊ አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላክሻቸው ሁለት ቡናማ ጠርሙሶች መልካቸው አንድ ነው። አንዱ ከምላስ ሥር የሚንጠባጠበው የካናቢስ ዘይት፣ ሌላው ጀርባዋን እንዳሽበት ያልሽኝ ተራ የሰሊጥ ዘይት። ጽሑፍ ለጥፈሽባቸዋል፤ እኔ ግን እንጨቴን በምለይበት መንገድ ለየኋቸው። የአፉ ክዳን ላይ በቢላ አንድ ጭረት፣ የጀርባው ክዳን ላይ ሁለት። አርባ ዓመት በርና መስኮት የገጠምኩት እንዲህ እየጫርኩ ነው፤ አንድም ቀን ግራው ቀኝ ሆኖብኝ አያውቅም። ግን በር ክዳን የለውም። ገና ሳልጀምርላት፣ ዘይት የነካቸውን ክዳኖች አጥቤ ስመልስ አለዋወጥኳቸው። እናትሽ ሃያ ቀን ሙሉ ሰሊጥ ላሰች፤ እኔም መድኃኒቱን ጀርባዋ ላይ ሳሽ ከረምኩ።

ሰውየው የመጣው በእነዚያ ሃያ ቀናት ነው።

ረፋድ ላይ ነበር፣ ፀሐይ አልጋዋ ድረስ ገብታለች። ሾርባ ሳሞቅ ስታወራ ሰማኋት። ስገባ ፊቷን ወደ ጥጉ ወንበር አዙራለች። ማንን ነው የምታዋሪው ብላት፣ እንግዳ ነው፣ ድምፅህን ቀንስ አለችኝ። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። በማግስቱም በዚያው ሰዓት አወራች፤ በሦስተኛውም። ጥቁር ካፖርት ለብሷል፣ ጨዋ ነው፣ ጫማው እርጥብ ነው አለችኝ። ያኔ ዝናብ ከጠፋ ወር አልፎታል።

አንድ ቀን ደግሞ፣ ሰውየው የክፍላችንን በር ጠባብ ነው ማለቱን ነገረችኝ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተሸክሞ ለመውጣት አራት ጣት ይጎድለዋል አለ። ያንን በር የገጠምኩት እኔ ነኝ። ተናደድኩ፤ ቤቴ ገብቶ ሥራዬን የሚያጣጥል ማን ነው ብዬ ሜትሬን አመጣሁ። ለሁለት ሰው ትከሻ ስለካው አራት ጣት ጎደለ። እናትሽ በዕድሜዋ ሜትር ይዛ አታውቅም።

ሐኪሙንና አጎትሽን ሃምሳ አለቃውን ጠራኋቸው። አጎትሽ ገና ሳይቀመጥ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያሰርኩበትን ዕፅ ዛሬ ለእህቴ በጠብታ ልስጣት ወይ አለ። ሐኪሙ ታጋሽ ነው። ሕጉ አሁን በሐኪም ወረቀት ይፈቅዳል አለን፤ አከርካሪዋ ላይ ያለውን ዕጢ አያጠፋውም፣ ሕመሟን ግን ሊያቀልላት ይችላል፤ የማይረዳው ሰው አለ፣ ቅዠት የሚያመጣበትም አለ። ቅዠት የሚለውን ስሰማ ጠረጴዛውን መታሁ። ይኸው አልኩ። ያኔ ነው የደወልኩልሽ። አንቺ፣ አባባ እባክህ ጠርሙሱን ለሰው አስነብብ አልሽኝ። ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። እኔን አስነብብ ትለኛለች ብዬ።

ጠርሙሶቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩ። ዐሥር ቀን እናትሽ አንሶላ ነክሳ ስታቃስት፣ እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ መምህርቷ ልትጠይቃት መጣች። ያሳበዳትን ነገር ላሳይሽ ብዬ ከምላሷ ሥር ሳንጠባጥብላት የከረምኩትን ጠርሙስ አወጣሁላት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችና፣

«ይሄ እኮ ሰሊጥ ነው» አለች።

ተቀመጥኩ። ሌላውንም ጠርሙስ አስነበብኳት።

ከእሑድ ጀምሮ፣ ሐኪሙ ባዘዘው ልክ፣ ትክክለኛውን ትወስዳለች። በሁለተኛው ቀን ሳታቃስት ተኛች። በሦስተኛው ማበጠሪያ አምጣ አለችኝ፤ የሸሚዜን አንገት አይታም ሰደበችኝ። አእምሮዋ ከእኔ ይልቅ የጠራ ነው። አጎትሽ መጥቶ ትራሷን አስተካከለና፣ ሕጉን እንዳልወደድኩት ነኝ፣ ይሄን ግን እንዳትከለክላት ብሎኝ ወጣ።

ሰሊጥ ሰው አያሳይም። እንግዲያው ሕመሙ ነው ያሳያት፣ ሲቀልላት ይሄዳል አልኩ። አልሄደም። ትናንት ረፋድ ስገባ ወንበሩ ጥጉ ላይ የለም፤ ራስጌዋ ጋ ቆሟል። እሷ ከአልጋ አትነሣም። እኔ አልነካሁትም፤ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ወንበሩ ከባድ ነው፣ እኔ ራሴ መሐል ላይ ሳላርፍ አላሻግረውም። ወለሉ ላይ የተጎተተበት ምልክት ፈለግሁ። የለም። የሰሌኑ ጠርዝ ብቻ ረጥቧል።

ምን ፈልጎ ነው አልኳት።

«ልጅቷ እስክትመጣ እጠብቃለሁ ብሏል» አለችኝ፤ ሻይ የምታዝ ያህል ቀለል አድርጋ።

እኔ ፊደል ባልቆጥርም ሞኝ አይደለሁም። አንቺ ካልመጣሽ እሱ ይጠብቃል። ዓመትም ይሁን ሁለት ይጠብቅ፤ ወንበሩ የእኔ ሥራ ነው፣ አይሰበርበትም። ስለዚህ ሥራሽን እንዳትለቂ፣ መንገዱም ጥሩ እንዳልሆነ ላስጽፍልሽ ነበር። መምህርቷን ከመጥራቴ በፊት ለእናትሽ ነገርኳት። ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁት ቆይቷል።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «እኔንም እኮ ነው የምታስጠብቀኝ። ሕመሙስ ቀልሎኛል። ግን ደክሞኛል።»

እጇን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ወጥቼ መምህርቷን ጠራኋት።

ነይ ልጄ። ሐኪሙ ጋ ያለው ዘይት እስከ ወር መጨረሻ ይበቃታልና መድኃኒት ፍለጋ ብለሽ አትዘግዪ። አባቴ ሰድቦኛል ብለሽም አትቅሪ። ያሳደገሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የሚያይሽ ዓይን ሁሉ የወዳጅ ይሁን፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን።

አባትሽ አናጢው፤ በአውራ ጣቱ የፈረመ

መምህርት፣ በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ነይ ያልኳት ቦታ ስትደርሺ ግን ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። የክፍሉ በር ክፍት ነው፤ ሰውየው ይሰማናል።