በአረጋሽ ፍላሽ ስለተጫኑት ዐሥራ አንድ ኮምፒውተሮች

ለተከበሩ አቶ ሰርፀ
የፓይን ሌክና አካባቢው መረዳጃ እድር የቴክኖሎጂ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ክላርክስተን

ግልባጭ፦ ከሁለት መስመር በላይ ለሚያነብ የእድሩ አባል ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ውድ ባለቤትዎንና ልጆችዎን፣ እንዲሁም በእርስዎ አመራር ሥር የሚተዳደሩትን ዐሥራ አንድ ኮምፒውተሮች በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ስለ እኔ ከጠየቁ ደህና ነኝ። ግፊቱም ስኳሩም በኪኒን ይሄዳል፤ የቀረው በልማድ ይሄዳል።

ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው እሑድ በእድሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ያወጡትን ማስታወቂያ በአክብሮት ካነበብኩ በኋላ ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ስድስት ያገለገሉ ላፕቶፖች መገኘታቸውን፣ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደሚጫንባቸው፣ ለዚህም "የተለመደችው ፍላሽ" እንደገና እንደምትዘጋጅ ገልጸዋል። አርባ ሦስት አባላት አውራ ጣት ሰጥተዋል። እኔም ሰጥቼ ነበር፤ ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ያነባል። ኋላ አነሣሁት።

የተለመደችው ፍላሽ የባለቤቴ የአረጋሽ ናት።

እርስዎ ይህን ያውቃሉ። በቅርብ ለገቡ አባላት ግን ማስረዳት ይገባኛል። አረጋሽ ለዐሥራ አንድ ዓመት የዚህ እድር ጠሪ ነበረች። አገር ቤት ጥሩምባ እየነፋ በየበሩ የሚዞረው ሰው ሥራ እዚህ የደረሰው ለእሷ ነው። በአፓርታማ ግቢ ጥሩምባ ቢነፋ ፖሊስ ስለሚጠራ፣ እሷ ድምፅዋን እየቀዳች ለሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቤት ትልክ ነበር። ሰው ሲያርፍ ወጥ ቤት ትገባለች፣ የፍሪጁ ድምፅ እንዳይገባባት ሶኬቱን ትነቅላለች፣ በሩን ትዘጋለች። መልሶ መሰካት የእኔ ሥራ ነበር። ጥሪዋ መልክ ነበረው፤ መጀመሪያ የሟች ስም ከነአባቱ፣ ከዚያ የተወለደበት አገር፣ ከዚያ የተረፉት ቤተሰቦች፣ ከዚያ የቀብሩ ሰዓትና ቦታ። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "መኪና የሌላችሁ እኔ ጋ ደውሉ።" ይደውሉላትም ነበር። ኮንየርስ ድረስ ሄዳ ከዌርሃውስ የሌሊት ሽፍት የወጣ ሰው ከነደንብ ልብሱ ለቀብር ስታደርስ ያየ ብዙ ነው። ከተጓጓዙት አንዱ እርስዎ ነበሩ።

በእነዚያ ዓመታት የቀዳቻቸው ሰባ አንድ ጥሪዎች በሙሉ በአንዲት ሰማያዊ ፍላሽ ተቀምጠዋል። በታመመች ጊዜ ሰባ ሁለተኛውን ቀዳች፤ የራሷን። የጎደለው ቀኑ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። "ገሤ፣ ቀኑን አንተ ሙላው። ሌላውን እንዳትነካካው፣ ታበላሸዋለህ" አለችኝ። ፍላሿን የት እንዳስቀመጠቻት መንገር ረሳች፣ እኔም መጠየቅ ረሳሁ። ስለዚህ ያረፈች ዕለት እድሩ አባላቱን የጠራው በቴክስት ነው። ቴክስቱ "ሳድ ኒውስ" ብሎ ይጀምራል። ስለ እሷ አንድ መስመር፣ ስለ ፓርኪንግ ሦስት መስመር ነበረው። የፓርኪንጉ ክፍል በጥንቃቄ የተጻፈ ነበር።

ፍላሿን ያገኘኋት በአራተኛው ወር ከቁልፍና ከክር ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በፖስታ ተጠቅልላ ነው። ፖስታው ላይ "ለእድሩ። የእኔም አለበት" ብላ ጽፋለች። አልሰማሁትም። የተቀዳው ለእኔ ለብቻዬ ሳይሆን ለሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቤት ነው፤ ስለዚህ በሙት ዓመቷ ሁላችን በተሰበሰብንበት እንዲሰማ በማለት በእጄ ለቢሮዎ አስረከብኩ። ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በራሷ ጥሪ መጨረሻ ላይ፣ መኪና የሌላቸው ማን ጋ እንዲደውሉ እንዳለች። ሙት ዓመቷ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

እድሩ የቅሬታ ማቅረቢያ ቅጽ ስለሌለው፣ ከዚህ በታች ያለውን በምስጋና መልክ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተር የሚያስነሣ ፍላሽ ማዘጋጀት ፎቶ እንደመገልበጥ እንዳልሆነ በላይብረሪ ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ አንብቤያለሁ። የሲስተሙ ሙሉ ቅጂ ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ ፍላሿ ላይ ያለው ሁሉ ይጠረጋል፤ ቅጂው በልዩ ፕሮግራም ይጻፍባታል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከራሱ ሆድ ሳይሆን ከፍላሿ እንዲጀምር በትክክለኛው ሰከንድ ትክክለኛው ቁልፍ ይጫናል። ቁልፉ ከማሽን ማሽን ይለያያል። እርስዎ ዐሥራ አንዱንም እየዞሩ፣ ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ እየሞከሩ፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጅተው አግኝተውታል። ይህን ያህል ትዕግሥት ቁልፍ ፍለጋ ላይ ያዋለ ሰው ፖስታ ላይ ያሉ ሦስት ቃላት ለማንበብ ቢደክመው አይፈረድበትም።

፪ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ እንዲህ ብለው አስረድተውኛል፦ "ጋሽ ገሠሠ፣ ሳላይ አይደለም እኮ። ከፍቼ አየኋት። ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የምታሳየው። ቫይረስ ነው ብዬ ነው።" አረጋሽ ፋይሎቹን የሰየመችው በሟቾቹ ስም፣ በአማርኛ ነው። የቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ፊደላችንን ስለማያውቅ በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ አንድ ባዶ ሳጥን አሳይቷል። የሀፍሳ አባት ሳጥን፣ የዲያቆኑ እናት ሳጥን፣ ከታች የእኔዋ ሳጥን። የእድር ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው ሰባ ሁለት የተደረደረ ሳጥን አይቶ የሰው ስም ይሆን ይሆን ብሎ አለመጠርጠሩን እንደ ልዩ ተሰጥኦ እቆጥረዋለሁ። በነገራችን ላይ አዲሱ ሲስተም ያስፈለገበትን ምክንያት በቃለ ጉባኤው ላይ አንብቤያለሁ። "አሮጌው አማርኛ ስለማያነብ" ይላል።

፫ኛ. ስለ ቆራጥነትዎ። ፕሮግራሙ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቆም ብሎ በፍላሿ ላይ ያለ ሁሉ እንደሚጠፋ ያስጠነቅቃል፣ ይቀጥል እንደሆነም ይጠይቃል። ይህ እድር የሐዘን ቤት ሳህን ነጭ ይሁን ወይስ ቡኒ ብሎ ሁለት ስብሰባ ያካሄደ እድር ነው፤ እስከ ዛሬ አልተወሰነም። እርስዎ ግን ብቻዎን፣ ያለ ንዑስ ኮሚቴ፣ "አዎ" ብለዋል።

፬ኛ. ሦስት ጊዜ "አዎ" ብለዋል። የመጀመሪያው ቅጂ ለማሽኖቹ የማይሆን ዓይነት ነበር። ሁለተኛው እየተጻፈ እያለ አንድ አባል "መኪናህ ዘግቶኛል" ብሎ ስለጠራዎት ፍላሿን ነቅለው ወጥተዋል። ሦስተኛው ሠርቷል። ዐሥራ አንዱም ተነሥተዋል።

እዚህ ላይ ተራ ቁጥሩን ላቋርጥና ሐምራዊትን ላስተዋውቅዎ። ሐምራዊት ክላርክስተን ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር የምትጠግን ልጅ ናት። በየሳምንቱ እሄድባታለሁ፤ ሱቋ ውስጥ ለእኔ የተመደበ ወንበር ያለ ይመስለኛል። ነገሩን ከሰማች በኋላ ያለችኝን እንዳለችው ላስቀምጠው፦ "ጋሼ፣ እየው፣ ሦስቱም ጊዜ የተጻፈው ከላይ ከላይ ነው፣ እዛው ቦታ ላይ። እሱ ሄዷል፣ ሶሪ። ከታች ያለው ግን ቻንስ አለው። ላይክ፣ መጨረሻ የቀዳቻቸው እዛ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን አዲሱ ቨርዥን ትልቅ ነው፣ ወደ ታች ይወርዳል። ድጋሚ ራይት ካደረጉባት እኔ ጋ እንዳትመጣ፣ አልዋሽህም።"

አልዋሽህም የሚል ሰው በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያገኘሁት እሷን ብቻ ነው።

፭ኛ. ስለ ታማኝነትዎ። ይህን ይዤ፣ በምትኩ ገና ከማሸጊያቸው ያልወጡ ሦስት አዳዲስ ፍላሾች ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። "የምትሠራ ፍላሽ አትቀየርም፣ ጋሽ ገሠሠ፤ አዲሷ እምቢ ብትለኝስ?" አሉኝ። እንደዚህ ዓይነት ታማኝነት ለአረጋሽ በሕይወት እያለች ቢደርሳት ደስ ይላት ነበር። ከዚያ ፍላሿን ገልብጠው "የእድሩ ንብረት፣ ተራ ቁጥር ፲፪" የሚል ወረቀት እንደተለጠፈባት አሳዩኝ። ዐሥራ አንድ ኮምፒውተር፣ ዐሥራ ሁለተኛ እሷ። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት የተመዘገበ ንብረት ከእድሩ የሚወጣው የጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ተገኝቶ ሲወስን ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስታወሱኝ። ደንቡን ካረቀቁት አንዱ እኔ ስለነበርኩ መከራከር አልቻልኩም። አንቀጹን ስንጽፍ ያሰብነው ድንኳንና ወንበር ነበር።

፮ኛ. ጉባኤውም ተጠርቷል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። በአካል አምስት፣ በዙም አራት ሰው ተገኘ። ከዙሞቹ አንዷ እየነዳች ነበረች፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ ሆኖ ድምፁን ዘግቶ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስት ስብሰባዎችም አልሞሉም። መዝገቡን ወደ ኋላ ስናገላብጥ፣ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው አንድ ላይ የተገኘው በቀብር ላይ ብቻ እንደሆነ ጸሐፊው አስተውሎ ጮክ ብሎ አነበበው። ስብሰባው በጸሎት ተዘጋ።

ስለዚህ ጥያቄዬን አሳንሻለሁ። ፍላሿን መልሱልኝ አልልም፤ ተራ ቁጥሯም፣ የተለጠፈባት ወረቀትም ይቆይላት። የምለምነው ቅዳሜ እንዳይጻፍባት ብቻ ነው። ሦስቱን አዳዲስ ፍላሾች ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታ አድርጌ ልኬያለሁ፤ ሦስቱም ባዶ እንደሆኑ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፌባቸዋለሁ። ፖስታው ላይ ሳይሆን ፍላሾቹ ላይ ነው የጻፍኩት፤ ስለ ፖስታ ከእርስዎ የተማርኩት ነገር አለ። የአረጋሽን ወደ መሳቢያ ያስገቧት። ሐምራዊት ኮምፒውተሯን ይዛ ቢሮዎ ድረስ ልትመጣ ፈቃደኛ ናት፤ ንብረቱ ከእድሩ ደጃፍ አይወጣም፣ ደንቡም አይነካም፣ እርስዎም አጠገቧ ቆመው ያያሉ። ስሞቹ ከተገኙ አዲሱ ሲስተም በፊደላችን ያነብልዎታል። ለዚያ ነበር የተጫነው።

ቤት ውስጥ ፍሪጁ እንደተሰካ ነው። ነቃይ ስለሌለ ሰኪም ሥራ ፈትቷል።

ለእድራችን እድገት ዘወትር ስለሚያሳዩት ፍጥነት፣ በፍጥነቱም ውስጥ ስላላስተዋሉት ነገር ሁሉ ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ጣትዎ ለሚቀጥለው "አዎ" ከመውረዷ በፊት ጥቂት እረፍት እንድታገኝ እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎ፣
ገሠሠ፣ የአረጋሽ ባል
የአባልነት ቁጥር ፱

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ፍላሿን ስታስቀሩ ፖስታውን በትሕትና መልሳችሁልኝ ነበር። ትናንት ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ በአረጋሽ እጅ የተጻፈ ሌላ መስመር አገኘሁ፤ ሳስረክብ እኔም አላነበብኩትም፣ ስለዚህ በዚህ አንድ ነገር እኩል ነን። "የገሤም አለበት። ቀኑን የሚሞላለት ሰው ፈልጉለት" ይላል። ሳጥኖቹ ሰባ ሦስት ነበሩ፤ ቅዳሜ የሚጻፍባት ከሆነ የእኔም ጥሪ አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ሁለት ሦስተኛው የሚሞላው በቀብር ነውና፣ የሚቀጥለው የእኔ ከሆነ ዕለቱ እንዲሁ እንዳያልፍ፣ የፍላሿን ጉዳይ በአጀንዳ ተራ ቁጥር አንድ እንዲያስይዙልኝ እጠይቃለሁ። እኔ በአካል እገኛለሁ። መኪና የሌላቸው እርስዎ ጋ ይደውሉ።