በድል ማግስት የተተከለ ሰሌዳ

ለተወደድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ከደረጃው ጋር ታረቀ? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ሐኪሙ «ይህ ልብ ሌላ የውድድር ዘመን አይችልም» ካለው ወዲህ ሦስት ጨዋታ አሸንፏል፤ ደህና ማለት ይህ ከሆነ ደህና ነው። «ተው» ስለው «ይቺ ዓመት ትለቅ» ይለኛል። የኔን ልመና እንደ ተመልካች ጩኸት ለምዶታል።

በዚህ በቴክሳስ ከተማችን ከንቲባውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የትምህርት ቤቱን አሰልጣኝ፣ ባለቤቴን፣ ግን ውሻ ሳይቀር ያውቀዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልጆች የራስ ቁር ደፍተው፣ ያንን እንቁላል መሳይ የአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ታቅፈው እንዲጋጩ አስተምሮ አራት ጊዜ የግዛቱን ዋንጫ አመጣ። ፓስተሩ ሙሴን ባነሱ ቁጥር ዓይናቸው ወደ እሱ ነው።

ሲሸነፍ ደግሞ ልማዱን ታውቂዋለሽ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከተማውን ልቀቅ ለማለት ደጃችን ላይ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ሰሌዳ ይተከላል። እሱ አይቆጣም። ነቅሎ ለዶሮ ቤታችን ግድግዳና ጣሪያ ያደርገዋል። በሠላሳ አንድ ዓመት ሽንፈት አንዲት ዶሮ ቤት ብቻ፤ ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ጎተራ ይወጣው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ጉድ ሆነ። ዓርብ አርባ ሁለት ለስድስት አሸንፎ ሳለ ሰሌዳው ተተክሎ አደረ። ከተማው ታመሰ። ፀጉር አስተካካዩ ዴልበርት ባርኔጣውን አውልቆ መጣና «አሰልጣኝ፣ በእናቴ፣ እኔ አይደለሁም። አምና ሁለቱን የተከልኩ እኔ ነኝ፤ ግን ሲሸነፉ ነው። ሥርዓት አለኝ» አለ። ሊነቅለው ሲያጎነብስ ባለቤቴ «ተወው ዴልበርት» አለው።

ከዚያ ቆሞ ሰሌዳውን አነበበው። ሁለት ቃል ለማንበብ ያን ያህል ጊዜ! ፊደሎቹ እናታችን በማርማላታ ጠርሙሶቿ ላይ እንደምትጽፈው ጅራት ነበራቸው። ያንን አጻጻፍ ከእሷ የተማርነው ሁለት ነን፤ አንቺ ደግሞ ኦሃዮ ነሽ። የተጋጣሚን ስልት ኳሱ ሳይነሳ የሚያነብ ሰው መሆኑን ረስቼ ኖሯል።

ገብቶ ቁርሱን በላ። ሳህኑን ሲያነሳ «የእህትሽ ግቢ ስንት ዶሮ ይይዛል?» አለኝ።

ሰሌዳው እስካሁን እንደቆመ ነው። ዶሮዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ቶሎ መልሺልኝ።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ደጅሽን እንግዳ አያሳጣው።

ታናሽ እህትሽ