ከወገብ መታጠፍን ያስተማሩት የአቶ ኦርቪን ሃልስታድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦርቪን ሃልስታድ ከአባታቸው ከአቶ አልቪን ሃልስታድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጊና ኤስፔሴት እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1942 ዊስኮንሲን ውስጥ፣ በስቶርዳል ሸለቆ ተወለዱ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ደጋግመው እንደሚያወሩት፣ አቶ ኦርቪን የተወለዱት አዋላጇ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንንም ቆመው ጠብቀው አያውቁም፤ ከወንበር ጋርም አልተስማሙም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሸለቆው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። መምህርታቸው በውጤት ካርዳቸው ላይ «ልጁ ብሩህ ነው፤ ግን አይቀመጥም» ብለው ስለጻፉ፣ ለምድጃው እንጨት የማመላለሱ ሥራ ለእሳቸው ተሰጠ። በዚያ ዓመት የክፍሉ ምድጃ አንድም ቀን አልጠፋም። ቤት ውስጥ እሳቸውን አደብ የሚያስይዝ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በአምስት ዓመት የሚበልጧቸው ወንድማቸው አቶ ቲልማን ናቸው። ቀስት መገተር ያስተማሯቸው አቶ ቲልማን ናቸው። በ1956 ሁለቱ ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ላይ ካለው ትልቅ የባሉጥ ዛፍ ላይ የመጀመሪያውን የአደን ማማ ሠሩ፤ አቶ ቲልማን መዶሻ ያዙ፣ አቶ ኦርቪን ምስማር አቀበሉ።

ከ1962 ጀምሮ ለአርባ ሁለት ዓመታት የወተት ቦቴ ሹፌር ሆነው ከየገበሬው ቤት ወተት ሰብስበዋል። በ1965 ከወይዘሮ ማርዲስ ብሬኬ ጋር ትዳር መሠረቱ። ለጫጉላ ሽርሽር ለአንድ ሳምንት ወደ ሐይቅ ዳር ሄደው በሁለተኛው ቀን ተመለሱ። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ሐይቁ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ምን አደርግለታለሁ?» አሉ። ወይዘሮ ማርዲስም ምን ዓይነት ሰው እንዳገቡ ያን ጊዜ ገባቸው። ካሪንና ጆኤል የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በጥቅምት 1971 አንድ ትልቅ አጋዘን ከማማቸው አሥራ አምስት እርምጃ ርቆ ቆመላቸው። አቶ ኦርቪን ቸኮሉ። መሬት ላይ እንደቆመ ሰው ቀስታቸውን አግድም ገትረው፣ ቀጥሎ ከወገባቸው መታጠፍ ሲገባቸው፣ ወገባቸውን እንደ ግንድ ገትረው ክንዳቸውን ብቻ ወደ ታች ሰደዱ። ክንድ ብቻውን ሲወርድ አውታሩ ከጉንጭ ይላቀቃል፤ ዓይንና ፍላጻም ይለያያሉ፤ ፍላጻው ከታሰበው ቦታ ከፍ ይላል። የእሳቸው ፍላጻ የአጋዘኑ ጀርባ ጫፍ ላይ ተሰካ፤ አጋዘኑም ከነፍላጻው ተሰወረ። ሦስት ቀን ሙሉ ከጎረቤት ጎረቤት መሬት እየተሻገሩ፣ ተንበርክከው የደም ጠብታ ፈለጉ። በስምንተኛው ቀን ቁራዎች አጋዘኑ ሞቶ የወደቀበትን ቦታ አሳዩአቸው። እንስሳውን በችኮላቸው እንዳሠቃዩት ያውቁ ነበር፤ ይህ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልቀለላቸውም።

ከዚያ ወዲህ በሃልስታድ መሬት ላይ ማማ መውጣት የፈለገ ሁሉ በነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ በጎተራው ቆጥ ላይ ይፈተን ጀመር። መጀመሪያ ቀበቶውን ከወጋግራው ጋር ያስራል። ቀጥሎ የመጥረጊያ እንጨት ትከሻው ላይ ተጋድሞለት፣ እንጨቱና ትከሻው ሳይለያዩ ከወገቡ መታጠፍን ይለማመዳል። ከዚያ መሬት ላይ ወዳለው የድርቆሽ እስር ሦስት ፍላጻ ይለቃል። ክንዱን የጣለ ሰው ከኋላው አንድ ቃል ብቻ ይሰማል፦ «ውረድ!» የወረደ የዚያን ዓመት የሚያድነው ከመሬት ነው። በ1983 ቄሱ ራሳቸው ወርደዋል፤ በማግሥቱም ስለ ትሕትና ሰብከዋል።

ነሐሴ 1998 ግን የወረደው ሰው አቶ ቲልማን ነበሩ። ከትራክተር ወድቀው ወገባቸው ከደረቀ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሦስቱም ፍላጻዎቻቸው ከድርቆሹ በላይ አለፉ።

«ቲልማን፣ ውረድ» አሉ አቶ ኦርቪን።

«የመጀመሪያዋን ማማ የሠራኋት እኔ ነኝ እኮ! አንተ ያኔ ምስማር አቀባይ ነበርክ።»

«እኔ ስለ ማማዋ ምን አልኩህ? ወገብህን ነው ያልኩህ።»

ታች የቆመው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። አቶ ኦርቪን የተናገሩት እውነት ነበር፤ ሳቁን ግን ሊያስቆሙት ይችሉ ነበር፤ አላስቆሙትም። አቶ ቲልማን ወርደው፣ ቀስታቸውን መኪናቸው ላይ ጭነው ሄዱ። ወንድማማቾቹ ለአሥራ አንድ ዓመታት አልተነጋገሩም። አቶ ኦርቪን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየሁለት ቀኑ ቦቴያቸውን እየነዱ ወደ ወንድማቸው ግቢ ይገቡ ነበር። ከወተት ቤቱ ወተቱን ለክተው ወስደው፣ የልኬቱን ወረቀት ምስማር ላይ ሰቅለው ይወጣሉ። የሚቀበላቸው ውሻው ብቻ ነበር። ወይዘሮ ማርዲስ እንደሚሉት፣ በእነዚያ ቀናት ቤት ሲገቡ እራታቸውን የሚበሉት ቆመው ነበር።

በ2009 የጸደይ ወራት አቶ ኦርቪን የጀርባ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቻቸውም በብሎን ተያያዙ። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ እንደ ልብ መታጠፍ እንደማይኖር ነገራቸው። እሳቸው ይህን ለማንም አልተናገሩም። ነሐሴ ሲደርስ ግን በየጠዋቱ ከቆጡ ላይ፣ ፍላጻ የጎተራውን ግድግዳ ሲመታ ይሰማ ጀመር። ወይዘሮ ማርዲስ አንድ ጠዋት መሰላሉ ሥር ቆመው፣ «ኦርቪን፣ አንተን ደግሞ ማን ነው ውረድ የሚልህ?» አሏቸው። አቶ ኦርቪን ለሁለት ቀን ከቤት ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ቤት ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን ቀስታቸውን ይዘው ወደ አቶ ቲልማን ግቢ ነዱ።

ሰላምታ እንኳ አልቀደመም። የድርቆሽ ጋሪው ላይ ወጥተው «አንድ እስር መሬት ላይ አስቀምጥልኝና ፍረድ» አሉ። አቶ ቲልማን አስቀመጡላቸው። አንደኛውም፣ ሁለተኛውም ፍላጻ ከድርቆሹ በላይ አለፈ። ሦስተኛው የወተት ቤቱ በር ላይ ተሰካ። ግቢው ውስጥ ከሁለቱና ከውሻው በቀር ማንም አልነበረም። አቶ ቲልማን በሩን አይተው ወደ ጋሪው ቀረቡ።

«ኦርቪ፣ ውረድ» አሉ። «ቀስ በል፣ እጅህን ስጠኝ። የሚስቅብህ ሰው የለም።»

«የዚያን ቀን ሰዉን ዝም ማሰኘት ነበረብኝ» አሉ አቶ ኦርቪን፣ የወንድማቸውን እጅ ይዘው ሲወርዱ።

«ነበረብህ። በሩን ግን ትሠራለህ።»

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሁለቱም ከአቶ ቲልማን የበቆሎ ማሳ ዳር፣ ከቅርንጫፍ መከለያ ጀርባ፣ በሁለት ወንበሮች ላይ ተቀምጠው አደኑ። አደኑ ማለት ይከብዳል። አቶ ኦርቪን በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ጊዜ ተነሥተዋል፤ አቶ ቲልማንም «የመጣነው አጋዘን ልናድን ነው ወይስ ልናባርር?» እያሉ ሲያማርሩ ውለዋል። ልጆቻቸው ካሪንና ጆኤል የነሐሴውን ፈተና በቆጡ ላይ ቀጠሉ፤ የሚሳቅበት ሰው ግን እንዳይኖር ሌላው ሁሉ ከጎተራው ውጭ እንዲጠብቅ አባታቸው አዘዙ።

አቶ ኦርቪን በ2022 የልብ ድካም አደረባቸው። ሆስፒታል ሲተኙ ነርሶቹ ከአልጋቸው ይልቅ ኮሪደር ላይ ያገኟቸው ነበር። ባለፈው ጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድማቸው ወደ ማሳው ዳር ወሰዷቸው። ለአራት ሰዓታት ከወንበራቸው አልተነሡም። አንዲት አጋዘን ሃያ እርምጃ ድረስ ቀርባ ቆመች። አቶ ቲልማን ወንድማቸው የተኙ መስሏቸው ዞር ሲሉ፣ የአቶ ኦርቪን ዓይን ተከፍቶ፣ እጃቸውም የአቶ ቲልማንን እጅጌ ይዞ አገኙት። «ተዋት፣ ትብላ» አሉ አቶ ኦርቪን። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ኅዳር 11 ቀን 2023፣ በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ኦርቪን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማርዲስን፣ ልጆቻቸውን ካሪንንና ጆኤልን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና ወንድማቸውን አቶ ቲልማንን ትተው አልፈዋል። የወተት ቤቱን በር አቶ ኦርቪን ራሳቸው እንደጠገኑትና እስከ ዛሬም በደንብ እንደማይዘጋ እዚህ እንዲጻፍ አቶ ቲልማን ጠይቀዋል።

ቤተሰቡ ይህን ጽሑፍ ሲያዘጋጅ የመጨረሻው መስመር አስቸግሮት ነበር። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ቦታ ላልተቀመጡ ሰው ዕረፍት መለመን ቅጣት እንዳይሆንባቸው ተፈራ። አቶ ቲልማን ግን «ጻፉት። መቀመጥ ተምሯል፤ አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ» አሉ። እንግዲያው ቸሩ ፈጣሪ የወንድማችንን የኦርቪንን ነፍስ ያሳርፍልን።